ቀለሟ የሞላችው ቀን

ነቀምቴ ውስጥ ቀለሟን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው ወይ ማዳበሪያ ገዝቶ አያውቅም። አርጆ ተወልዳ እዚሁ ነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር ያደገች፣ ዕድሜዋ አርባን የተሻገረ፣ አጠር ደልደል ያለች፣ ምላሷ ጎራዴ የሆነች ሴት ናት። የገበሬዎቹ ዩኒየን የሪፖርት ሠራተኛ ስለሆነች ሰው ሁሉ «ቀለሟ ሪፖርት» ይላታል። የአባቷ ስም ተረስቶ ሪፖርት አባት ሆኖላት ቀረ፣ ምን ይደረጋል።

ሥራዋን በሩቁ ሲያዩት ተቀምጦ ቁልፍ መጫን ይመስላል። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣላት ግን እንዲህ ብላ ነው የምታስተምረው፦ «እዚህ ማሽን ሆድ ውስጥ የስንት ሺህ ገበሬ ስም አለ። ሁሉን ላውጣ ብትይ ወረቀቱ ከዚህ ጊምቢ ይደርሳል። ስለዚህ ከማውጣቱ በፊት ይጠይቅሻል፤ የትኛው ወረዳ፣ የትኛው ቀበሌ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ይልሻል። ይሄን ጥያቄ ፓራሜትር ይሉታል። ልክ አድርገሽ ብትሞዪው መልስ ይሰጥሻል። አበላሽተሽ ብትሞዪውም መልስ ይሰጥሻል፣ ክፋቱ እሱ ነው። አይቆጣሽም፣ ተሳስተሻል አይልሽም፣ አሳምሮ ያልፈለግሽውን አትሞ ይሰጥሻል።»

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ሰው የሚፈጀው ቀኑ ነው። ሶፍትዌሩ ባሕር ማዶ የተሠራ ስለሆነ ከፈረንጅ ዘመን በቀር ሌላ አያውቅም። እኛ 2016 ስንል እሱ 2024 ይላል። የእኛ ሰው ደግሞ ጣቱ የለመደው የእኛን ነው። በዚህ በዚህ የዲጋ ወረዳ ማዳበሪያ ማከፋፈያ ኃላፊ ጨመዳን የሚያህል አልነበረም። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሰኔ በመጣ ቁጥር፣ የእኛን ቀን ይሞላና ይደውላል፣ አዴ እያለ፣ በኦሮምኛ እትዬ ማለት ነው።

«አዴ ቀለሟ፣ ማሽኑ አብዷል። የሞቱ ሰዎች ማዳበሪያ ወስደዋል ይላል።»

«ማሽኑስ ደህና ነው። አንተ ነህ ላም ባልዋለበት ኩበት የምትለቅመው። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደህ የነዚያን ዘመን ሰዎች ጠርተህ ነው» ትለዋለች።

ይሄ በየዓመቱ ነው። በመጨረሻ ስልክ ላይ መጮኹ ሰለቻትና በሥርጭት ሰሞን ሐሙስ ሐሙስ ራሷ ዲጋ እየሄደች ሪፖርቱን ማውጣት ጀመረች። ጨመዳ ምሳ ይጋብዛታል፣ እሷ ትሰድበዋለች፣ ሥራው ይሠራል። ይዋደዱ ነበር ማለት ነው፣ በኛ አገር አኳኋን።

አሁን ስለ መንደሩ ልንገራችሁ፤ ያለሱ ነገሩ አይገባም። ከዲጋ ወረድ ብሎ፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ የመጡ ሰዎች የሰፈሩበት መንደር ነበረ። ነበረ ነው የምላችሁ። በ2013 አቃጠሉት። ማን አቃጠለው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ናቸው፣ የእገሌ ናቸው ብሎ የሚምል ሰው እዚህ አገር ዕድሜው አጭር ነው። ከሞት የተረፈው ግማሹ አገር ጥሎ ሄደ። ሁለት መቶ የሚሆን አባወራ ግን አልሄደም። የኦሮሞ ጎረቤቶቻቸው፣ አርባ ዓመት አብረው ያረሱ፣ ልጅ ለልጅ ያጋቡ፣ በየጓሯቸው ወስደው አስጠጓቸው። አንዱ እዚህ ጎጥ፣ አንዱ እዚያ ጎጥ፣ ማን ማን ቤት እንዳለ ከባለቤቶቹ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

አልነበረም እንዳልል፣ ማሽኑ ያውቃል። ማዳበሪያ ያለ ስም አይሰጥማ። የዘንድሮው ዝርዝር ላይ የእያንዳንዱ ሰፋሪ ስም፣ የተጠጋበት ጎጥ፣ ያስጠጋው ሰው ስም፣ ስልኩ ሳይቀር ተጽፏል። ያስገባችው ቀለሟ ናት። ባታስገባ ማሳቸው ጦሙን ያድር ነበር።

ሰኔ 2016፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሰባት ሰዎች ማከፋፈያው ግቢ ገቡ። ዘበኛው መገርሳ በሩ ላይ «አካም ቡልተን» ብሎ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ በሰደፍ ፊቱን አሉት። አፍንጫው ተሰብሮ ተዘረረ። ኩማ የሚባል ወዛደር ነበር፣ ኩንታል ተሸክሞ ከመጋዘን ሲወጣ አያቸውና ሸክሙን ጥሎ ሮጠ። ከኋላው ወገቡን በጥይት መቱት። ወዲያው አልሞተም። አጥሩ ድረስ በሆዱ ተሳበ፣ አንዱ ተከተለውና ሳይቸኩል አንገቱ ላይ ደገመው። ማዳበሪያ ሊወስድ የመጣው ገበሬ ሁሉ ጭቃው ላይ በግንባሩ ተደፋ። ከዚያ ወዲያ ግቢው ውስጥ የሚሰማው የመገርሳ ማቃሰት ብቻ ነበር።

ቢሮ ውስጥ ጨመዳና ቀለሟ ነበሩ። ሁለት ታጣቂዎች ጨመዳን ከወንበሩ ጎትተው ወለል ላይ ጣሉት፣ ጎኑን በጫማ ረገጡት፣ የሰፋሪዎቹን ዝርዝር አውጣ አሉት። ጨመዳ ክፉ ሰው አይደለም። ግን የጎን አጥንቱ ሲሰበር ለራሱም ተሰማው፣ እና ያለውን አለ።

«እኔ አልችልበትም። የምትችለው እሷ ናት።»

አለቃቸው መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ነበር፤ ትሕትናው የሚያስፈራ፣ ድምፁን የማያነሳ። የጠመንጃውን አፈሙዝ ማጅራቷ ላይ አሳረፈና «አካም ጅርታ፣ አዴ» አላት። እህቱን ቤቷ ሄዶ ደህንነቷን የሚጠይቅ ነው የሚመስለው። «እኔም ኮምፒውተር ተምሬያለሁ፤ አታሞኚኝም። ሰፋሪዎቹ ያሉበትን ቀበሌ። የዘንድሮውን። ከመስከረም አንድ እስከ ሰኔ ሠላሳ። ስም፣ ጎጥ፣ ስልክ።»

ቀለሟ ሪፖርቱን ከፈተች። የአፈሙዙ ብረት ቀዝቃዛ ነበር። ባዶ ሪፖርት ካወጣች ያውቅባታል። ሌላ ቀበሌ ብትመርጥ ስሙን ያነባል፣ ያውቅባታል። ማሽኑ ተበላሽቷል ብትል ግቢው ውስጥ ከኩማ ቀጥሎ የሚጋደመው ሬሳ የሷ ነው፤ እነሱም ማሽኑን ተሸክመው ሌላ የሚችል ሰው ይፈልጋሉ። ሁለት መቶ አባወራ፣ ያስጠጓቸው ሁለት መቶ ቤቶች፣ ጠቅላላው በዚያ ቁልፍ ላይ ነበር። ይህን ሁሉ አስልታ ነው ብዬ አልዋሻችሁም። እሷም እንደዚያ አትልም። «ጣቴ ቀበሌውን ሞላ፤ ቀኑ ላይ ሲደርስ ጨመዳ ትዝ አለኝ» ነው የምትለው።

እናም ስድስት ዓመት ሙሉ የሰደበችውን ስህተት አንድ በአንድ ሞላችው። ከ01/01/2016። እስከ 30/10/2016። ሰውየው ከትከሻዋ በላይ ሆኖ ያነባል። መስከረም አንድ፣ ሰኔ ሠላሳ፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት፤ ያዘዘው ይኸው ነው። ለማሽኑ ግን ይሄ የ2008 ማዳበሪያ ነው፣ መንደሩ ሳይቃጠል፣ ሰዎቹ በቤታቸው ሳሉ። ያንን መዝገብ ከወረቀት ወደ ማሽን የገለበጠችው ራሷ ስለነበረች እንደሚወጣ ታውቃለች።

የመጨረሻውን ቁልፍ ልትጫን ስትል ጨመዳ ወለሉ ላይ ሆኖ ቀና አለ። አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል፣ በሌላው ስክሪኑን ያያል። እግዜር ያሳያችሁ፣ ስድስት ዓመት ያልገባው ሰው ያን ቀን ገባው። ድንጋጤ ነው ያናገረው፣ ወይም ከተሳሳተች ሁላችንም እናልቃለን ብሎ ፈርቶ ነው፤ ወይ ደግሞ በቃ የተማረውን እንደሚመልስ ተማሪ ሆኖ ነው።

«አዴ ቀለሟ፣ ቀኑ» አለ። «ቀኑ እኮ በፈረን…»

ቀለሟ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የብረት ወረቀት መብሻ አንስታ አፉ ላይ አሳረፈችበት። ባላት ኃይል ነው የመታችው። ሁለት ጥርስ ወለሉ ላይ ተበተነ። «ስድስት ዓመት ሥራ ስታበላሽብኝ ኖረህ ዛሬ ደግሞ ልታስገድለኝ ነው?» አለችና ደገመችው።

ታጣቂዎቹ ሳቁ። በሩ ላይ የቆመው፣ ነገሩ ደስ ብሎት ነው መሰለኝ፣ መጥቶ መንጋጋውን በጫማው መታው። ቀው የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ጨመዳም ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። በመስኮቱ ደጅ፣ አፍንጫውን ይዞ የተቀመጠው መገርሳ ይህን ሁሉ ያይ ነበር።

ወረቀቱ ወጣ፤ ዘጠኝ ገጽ። ባለመነጽሩ ራስጌውን አነበበ፣ ዓመቱን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። «ጋላቶማ» ብሎ አመሰገናት። ከዚያ ቀኝ እጇን ጠረጴዛው ላይ አስዘረጋትና በሰደፍ ሦስት ጣቷን ሰበረ። «ለሌላ ሰው እንዳታወጪ» አለ። እንደገቡ ሳይቸኩሉ ወጡ።

ጨመዳን ራሱን እንደሳተ ነቀምቴ ሆስፒታል ወሰዱት። ቀለሟ ጣቷ በእንጨት ታስሮ ቤቷ ገባች። ለማን ትንገር? ሰፋሪዎቹን ተጠንቀቁ ብላ እንዳትደውል ስልኩን ማን እንደሚሰማ አታውቅም። አርብ ዋለች፣ ቅዳሜ ዋለች፣ ከየጎጡ ክፉ ወሬ አልመጣም። ቅዳሜ ማታ ጣቷ እየጠዘጠዛትም ቢሆን አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ሞኝነቷ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ዩኒፎርም የለበሱ አራት ሰዎች ጨለለቂ በሯ ላይ ጠበቋት። ቅዳሜ ከዲጋ በታች ወንዝ ዳር ወታደሮችና ታጣቂዎች ተታኩሰው ነበር፤ ከሞቱት ታጣቂዎች የአንዱ ኪስ ውስጥ ዘጠኝ ገጽ ወረቀት ተገኝቷል፣ ጥይት የበሳው፣ በደም የተጣበቀ። ሶፍትዌሩ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። በየገጹ ግርጌ ሪፖርቱን ማን እንዳወጣው፣ በስንት ሰዓት እንደወጣ፣ የተሞላው ቀን ምን እንደሆነ ይጽፋል። ዘጠኙም ገጽ ላይ የቀለሟ ስም ነበረ።

መርማሪው ቀጭን ሰው ነው፣ እንቅልፍ ያጣ። ወንበር አላቀረበላትም።

«የዘንድሮን ዝርዝር ለነሱ አውጥተሽ ሰጥተሻል።»

«የዘንድሮ አይደለም። የዛሬ ስምንት ዓመት ነው።»

«ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ይላል። ማንበብ አልችልም ልትዪኝ ነው?»

«የፈረንጅ ነው፣ ጌታዬ።»

«ዲጋ ውስጥ ፈረንጅ አለ?» አለና በጥፊ አጮላት። የጆሮዋ ታምቡር የጮኸው ሦስት ቀን ነው።

አስረዳችው። ሲሰለቸው አስቆማት። መገርሳን ጠይቀናል አለ። መገርሳ እውነተኛ ሰው ነው፣ ያየውን ነው የተናገረው፤ ጨመዳ አንድ ነገር ሊናገር ሲል አፉን በብረት መታችው፣ እነሱም ሳቁላት። ጨመዳን ጠይቁት አለች። ጨመዳ መንጋጋው በሽቦ ታስሮ ራሱን ሳያውቅ ተኝቷል። ሊመሰክርላት የሚችለውን አንድ አፍ የዘጋችው ራሷ ናት።

ከዚያ ሁለት ሰዎች ጫማዋን አስወልቀው አጋደሟትና ውስጥ እግሯን በኬብል ገረፏት። አልጮኸችም የሚሉ አሉ፤ ውሸት ነው፣ ጮኻለች፣ ሰው ናት። ሰኞ ጠዋት መርማሪው ከዩኒየኑ ላፕቶፕ አስመጥቶ ፊቷ አስቀመጠ።

«እሺ። እውነት ከሆነ 2024 ብለሽ ሙዪና አውጪልኝ። ከዚህኛው ጋር አስተያያለሁ። ከተለያየ ትወጫለሽ።»

ነገሩ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ጣቷ ቢሰበርም በግራ እጇ ትችላለች። ቀለሟ ላፕቶፑን አየችው፣ ከዚያ ሰውየውን።

«አላወጣም።»

«ለምን?»

«ወረቀት ከወጣ ወዲያ ጌታ የለውም። ይሄም ከኔ እጅ ወጥቶ ነው ዞሮ አንተ ዘንድ የደረሰው። ያኛው ከወጣ ነገ የማን ኪስ እንደሚገባ አንተም አታውቅ። ግረፈኝ፣ አላወጣም።»

ገረፏት። ደግመው ጠየቋት፣ ያንኑ መለሰች። ሲደክማቸው፣ እሷም ድምፅዋ አልወጣ ሲል፣ አንድ መላ መጣላት።

«ወረቀቱ ላይ ስልክ አለ። ደውልላቸው። የዘንድሮ ሰዎች ከሆኑ ያነሳሉ። እኔ ያወጣኋቸው ሰዎች ግን አያነሱም፤ ወይ ሞተዋል፣ ወይ አገር ለቀዋል፣ ወይ ከቃጠሎው ወዲህ ቁጥር ቀይረዋል።»

መርማሪው ትንሽ አሰበ፣ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ከመጀመሪያው ስም ጀመረ። የደወሉለት ቁጥር አገልግሎት ላይ አይደለም አለች የስልኳ ሴትዮ። ሁለተኛው፣ እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ አንድ የባሕር ዳር ሰው አነሳ፣ ቁጥሩን ከገዛ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ማንንም አያውቅም። አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ዝም። ሰባተኛው በኃይሉ ይላል፤ «እሱ በቃጠሎው ሞቷል» አለች ቀለሟ፣ እውነትም አልጠራም። መርማሪው በየስሙ ፊት ጭረት ያደርጋል። አሥረኛው ላይ ሲደርስ ፊቱ ተለውጧል። እሷም ይሄን አይታ መተንፈስ ጀምራለች።

አሥራ አንደኛው ጣሰው ይላል። ጠራ። በሦስተኛው ጥሪ ሴት አነሳች።

«አቤት?» የወሎ ድምፅ ነው።

«ጣሰው ናቸው?»

«ባለቤታቸው ነኝ፣ ወርቅአፈራሁ። ማን ልበል?»

«እሳቸውን ነበር። የሉም?»

«ቅዳሜ ቀበርናቸው» አለች። «በተጠጋንበት ጓሮ መሬቱ አልበቃን ብሎ ዘንድሮ እድሮው ቦታችን፣ እተቃጠለው መንደር፣ በቆሎ ዘርተው ነበር። አርብ ለኩትኳቶ ብቻቸውን ወረዱ፣ ስልኩን ለኔ ትተው። ማዶ የሚያርሱ ሰዎች ሰምተዋል። ታጣቂዎች መጥተው ስማቸውን ከወረቀት አነበቡ። እሳቸውም አቤት አሉ። ዶማው እጃቸው ላይ ነበር አሉ ሲመቷቸው።»

መርማሪው ስልኩን ዘጋ። ወረቀቱን አጥፎ ወደ ጎን አኖረ። ከዚያ «እውነትሽን ነው፣ አሮጌ ዝርዝር ነው» አለ፤ ድምፁ ቀንሷል፣ አዴም ብሏታል። «መሄድ ትችያለሽ።»

ከተማው ውስጥ ይሄን ታሪክ ሲያወሩ ሒሳብ የሚሠሩ አሉ። አንድ ሰው ሞቶ ሁለት መቶ ቤት ተረፈ ይላሉ። ሒሳቡ እንኳ ልክ ነው፤ ቆፍጣና ከሆኑ ሄደው ለወርቅአፈራሁ ይንገሯት። ቀለሟ እንዲህ ብላ አታውቅም። አሥር ስልክ ሳይነሳ ሲቀር ደስ እያላት ነበር፤ ደስ ያላትን ያን ሰዓት ነው ይቅር ማለት ያቃታት።

ያን ሰኞ ከወለሉ አልተነሳችም። እግሯ ስላልቻለ ብቻ አይደለም።

«ስልኩን ስጠኝ» አለችው።

«ምን ልታደርጊ?»

«ስጠኝ አልኩህ።»

ሰጣት። በግራ እጇ ደወለች፤ ሴትየዋ አነሳች።

«ወርቅአፈራሁ፣ ቀለሟ እባላለሁ፣ ከማዳበሪያው ቢሮ። ያንን ወረቀት ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጠመንጃ አንገቴ ላይ ነበር። የዘንድሮውን እንዳልሰጥ ብዬ የድሮውን ሰጠኋቸው። እዚያ ሰው ይኖራል አላልኩም።»

መርማሪው ወደ መስኮቱ ዞረ።

«የኔስ ስም አለበት?» አለች ወርቅአፈራሁ።

ቀለሟ ማየት አላስፈለጋትም። ያን መዝገብ በእጇ ነው የገለበጠችው። «አለ። ከሳቸው ቀጥሎ። ቁጥሩም ይሄው የያዝሽው ነው፤ ሌላ ቅጂ ይኑራቸው አይኑራቸው አላውቅም። ሲሙን ጥለሽ ዛሬውኑ ውጪ። ነቀምቴ ነይ፣ ጨለለቂ፤ ቀለሟ ሪፖርት ብለሽ ጠይቂ፣ ልጅም ያሳይሻል። እኔ ቤት ትገቢያለሽ።»

«ባሌን ያስገደለችው ሴት ቤት?»

«አዎ» አለች ቀለሟ። «እዚያው ነይ።»

ወርቅአፈራሁ ረቡዕ መጣች፣ አንድ ፌስታል ይዛ። ቀለሟ የራሷን መኝታ ክፍል ለቀቀችላት። ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው፣ አንድ በር ይገባሉ ይወጣሉ። ስትታመም ቀለሟ ሐኪም ቤት ወስዳታለች፤ የቀለሟ ጣት ጠምሞ ስለቀረ ልብሷን የምታጥብላት ወርቅአፈራሁ ናት። ስለ ጣሰው ተነጋግረው አያውቁም። ምድጃቸው ግን ሁለት ነው፤ ወርቅአፈራሁ ከቀለሟ እጅ እስከ ዛሬ አንድ ጉርሻ አልበላችም።